ጣሪያው የሚያፈሰው ማን ላይ ነው?

ጥቅምት 2017 ላይ ለሥራ ወደ ፖላንድ ተልኬ ዋርሶ ውስጥ ስድስት ሌሊት አደርኩ። መሥሪያ ቤቴ ሆቴል ሊይዝልኝ ነበር። እኔ ነኝ «አይ፣ የድሮው ከተማ ውስጥ ቤት ልከራይ፣ ይረክሳል» ያልኩት። መርከሱ ሰበብ ነው። እውነቱን ለመናገር አሮጌ ነገር እወዳለሁ። ጠባብ መንገድ፣ ቀለሙ የለቀቀ በር፣ የእግር ብዛት ያለሰለሰው ድንጋይ ሳይ ሆዴ ይባባል። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ስለምውል ይሆናል። በእኔ ሙያ አምስት ዓመት የሞላው ነገር ሁሉ ሽማግሌ ነው።

የደረስኩት ማታ ነበር። ሻንጣዬ ድንጋዩ ላይ እየተንኳኳ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። አደባባዩ መሐል ሰይፍና ጋሻ የያዘች፣ ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ሴት ሐውልት ቆማለች፤ የከተማዋ ምልክት ናት። ዙሪያውን ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ የተቀቡ ቀጫጭን ፎቆች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል። ቁልፉን በሩ አጠገብ ከተንጠለጠለች ባለ ኮድ ሳጥን አወጣሁ፣ ሦስት ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ ፎቶ አነሳሁና ለጓደኞቼ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ፦ «አራት መቶ ዓመት የሆነው ቤት ውስጥ ነው የማድረው።»

ውሸቴን ነበር። አላወቅኩም እንጂ።

ጠዋት ቡና ፍለጋ ስወጣ አንድ ግድግዳ ላይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ተለጥፎ አየሁ። የጡብ ክምር ነው፤ ከክምሩ መሐል እንደተሰበረ ጥርስ አንድ ግድግዳ ብቻ ቀርቷል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ አስተርጉሜ ሳነበው፣ ፎቶው የተነሣው እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1944 የዋርሶ ሰው በናዚ ጦር ላይ ተነሣ፤ ሁለት ወር ተዋግቶ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው ውጊያ እንኳን አይባልም። ጀርመኖቹ ሰዉን አስወጡና የቀረውን ከተማ መንገድ በመንገድ፣ ቤት በቤት፣ በእሳትና በፈንጂ አወደሙት። ከታሪካዊው የከተማው ክፍል ከ85 በመቶ በላይ ጠፋ። እኔ ያደርኩበት አደባባይ እንደገና ተገንብቶ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው።

1953 ማለት በእኛ 1945 ዓ.ም. ነው። አንበሳሜ ውስጥ ባለው ሳር ቤታችን ደግሞ አባቴ የተወለደው በ1943 ነው። ሒሳቡን ደረጃው ላይ ቆሜ ሠራሁት። «አራት መቶ ዓመት» ብዬ የጎረርኩበት ቤት ከእኛ ጎጆ ያንሳል ማለት ነው። ያንን ጎጆ እናቴ «ላፍርሰው» ስትል «አይፈርስም» ብዬ የተከራከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ክርክር እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ ነው።

አንበሳሜን ለማታውቁ፦ ደቡብ ጎንደር፣ ደራ ወረዳ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ እስቴ የሚወጣው መንገድ ላይ ታገኟታላችሁ። ቱሪስት ፈልጎ የሚመጣባት ከተማ አይደለችም። ቱሪስቱ የሚሄደው ወይ ፋሲል ግንብ ነው ወይ ላሊበላ፤ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ደግሞ ደብረ ታቦር ጎራ ብሎ አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበትን ጋፋትን ያያል። የእኛን ቤት ለማየት የሚመጣ የለም፤ ከእኔ በቀር።

ቤቱን አያቴ ነው የሠራው። ክብ ሳር ቤት ነው። መሐል ያለው ምሰሶ ከጢሱ ብዛት ጠቁሮ እንደተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። መደቡን እናቴ በዓል በመጣ ቁጥር ትለቀልቀዋለች። አባቴ በሕይወት እያለ ከጎኑ ባለ ቆርቆሮ ክፍል ቀጥሎ ነበር፤ እኛ ልጆቹ የተማርነውም የተኛነውም እዚያ ነው። ሳር ቤቱ ውስጥ የሚያድሩት እናትና አባቴ ነበሩ፤ አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ብቻዋን። ይህቺን ዝርዝር ልብ በሉልኝ። እኔ ያን ያህል የምወደው ቤት ውስጥ፣ ለእንግድነት ካልሆነ፣ አድሬበት አላውቅም ማለት ይቻላል።

ጥር 2014 ለጥምቀት ሄጄ እናቴ ቡና እያፈላች ነው ወሬውን ያነሳችው።

«ይኸን ቤት አፍርሸ ቆርቆሮ ላለብሰው ነው።»

ደነገጥኩ። «እማዬ፣ ምን በወጣው! ይኼ እኮ ታሪክ ነው። የአባዬ አባት የሠራው ቤት እኮ ነው።»

«የሠራውስ እሱ ነው። የሚያፈሰው ግን እኔ ላይ ነው።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ክረምት ሲመጣ ሌሊት ሌሊት እየተነሣች ድስቱንና ባልዲውን ከሚያፈስበት ወደሚያፈስበት እንደምታዘዋውር፣ እህሉ እንዳይነክርባት በላስቲክ እንደምትሸፍን፣ አንዳንዴ ተቀምጣ እንደሚነጋባት ነገረችኝ። እኔም እንደ ዘመኑ ሰው መልስ አላጣሁም። ብር እልካለሁ፣ በአዲስ ሣር ይከደን አልኩ።

«አንተየ፣ ብርህን መች ጠላሁ። ሣሩ የታለ? ግጦሹ ሁሉ ታርሶ። መክደን የሚያውቁትስ የታሉ? አንድም ሞተዋል አንድም አርጅተዋል። ወጣቱ እንደሁ እንዳንተው ነው።»

እንዳንተው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ያሸነፍኩት በክርክር አይደለም፤ ኢንጂነር ልጅ ስለሆንኩ ነው። «እሺ ይሁን፣ አንተ ካልህ» አለችና ቡናውን ቀዳች። ማታውን የምሰሶውን ፎቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩት። ብዙ ልብ ተሰጠው።

ከዚያ ወዲህ አገር ቤት አልሄድኩም። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የእኔም ሥራ ሲበዛ፣ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። በመሐል ፒያሳ ፈረሰች።

አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ስማር ፒያሳ ግቢያችን ማለት ነበረች። ቅዳሜ ከሰዓት በእግር ወርደን ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ቀጠሯችን እንደ ሁሉም ሰው ማህሙድ ሙዚቃ ቤት ጋ ነው። ጣሊያን ስሟን ከሰጣት በኋላ አራዳነቷ ያልለቀቃት ሰፈር ናት። ጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ላይ በእሳት ሲጎዳ የሞተ ዘመድ ያለን ይመስል ነበር። የካቲት መጨረሻና መጋቢት 2016 ላይ ደግሞ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ እነዚያ ሁሉ ስማቸው ብቻውን ወሬ የሚሆን ሰፈሮች ለኮሪደር ልማቱ በሳምንታት ውስጥ ሜዳ ሆኑ። እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ ረጅም ፖስት ጻፍኩ። የቆርቆሮው ዝገት፣ የእንጨት ደረጃው፣ በረንዳው፣ ትዝታ ምናምን። ሼር ተደረገ።

ማታ አንድ የክፍሌ ልጅ ደወለ። ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። እንኳን አዘንክልን ሊለኝ መስሎኝ ነበር።

«የእኛን ሽንት ቤት ታስታውሰዋለህ?» አለኝ።

ዝም አልኩ። አስታውሰዋለሁ። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄጄ እስክመለስ ድረስ ይዤው ቆይቻለሁ።

«ለስምንት አባወራ አንድ ነበር። ሌሊት እህቴ ስትወጣ ተነሥቼ በር ላይ እቆምላት ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ገብተናል፣ የራሳችን አለን። እባክህ ስለ ግድግዳው አታልቅስብኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አላበቃም ነበር።

«ማልቀስ ከፈለግክ ስለ እናቴ ዕድር አልቅስ። አንዱ የካ ደረሰው፣ አንዱ አቃቂ፣ አንዱ የት እንደገባ እንጃ። ባለፈው ከቡና ጎረቤቶቿ አንዷ ሞታ እናቴ የሰማችው ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ምትክ ቤት ሰጥተውናል፣ አልክድም። ግን የሚፈርሰውን ከመቁጠራቸው በፊት ማን ከማን ጋር ቡና ይጠጣል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።»

በእኔ ፖስት ውስጥ «ዕድር» የሚል ቃል አልነበረም። ተመልሼ ፈልጌዋለሁ። ዝገት ሦስት ጊዜ አለ።

ይህ ነገር ያኔ አፈር አስበላኝ እንጂ ወደ ሐሳብ አልተለወጠም ነበር። የተለወጠው ዋርሶ፣ ያችው ደረጃ ላይ ነው።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ አንዲት አሮጊት ድንች የሞላ ፌስታል ይዘው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመው ይተነፍሳሉ። ተቀብዬ አደረስኩላቸው። አመስግነው ሊገቡ ሲሉ ስልኬን አወጣሁና በመተርጎሚያው በኩል ወሬ ጀመርን፤ እሳቸው በፖላንድኛ፣ እኔ በእንግሊዝኛ። ስንት ቀን ትቆያለህ አሉኝ። ስድስት ሌሊት አልኩ። ሳቁ። እሳቸው የገቡት ሰፈሩ ሲያልቅ፣ በአምስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ግንበኛ ነበሩ፤ ከጡቡ ከፊሉ ከሌሎች የፈረሱ ከተሞች በባቡር እየተጫነ የመጣ እንደሆነ ይነግሯቸው ነበር። ጎረቤት አለዎት ወይ ብዬ ስጠይቅ መተርጎሚያው የመለሰልኝ እንዲህ ነው፦ «በስም የማውቃቸው ሁለት ናቸው። የቀሩት ቁልፎች ናቸው።»

ትርጉሙ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ምሽቱን ስወርድ ከውጭ በሩ አጠገብ የተንጠለጠሉትን ባለ ኮድ ሳጥኖች ቆጠርኩ። ሰባት። አንደኛዋ የእኔ ናት።

ባለቤቱ ለኗሪ በወር የሚያከራየውን ቤት እንደ እኔ ላለ መንገደኛ በሌሊት ሲያከራየው የበለጠ ያገኝበታል። «ይረክሳል» ብዬ የተከራየሁት ለእኔ ነው የረከሰው። ይህ የዋርሶ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ቬኒስ ደሴቲቱ ላይ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175,000 ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50,000 በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቀን ውለው ለሚመለሱ ጎብኚዎች የአምስት ዩሮ መግቢያ ጀምራለች፣ እንደ ሙዚየም። ባርሴሎና በዚያው ዓመት ከ10,000 በላይ ለሚሆኑ የቱሪስት አፓርትመንቶች የሰጠችውን ፈቃድ በ2028 ሲያበቃ እንደማታድስ አስታውቃለች፤ ኗሪው ኪራዩን አልቻለማ። ቤቱ አሮጌነቱን እንደያዘ ቆሞ፣ አሮጌ ያደረጉት ሰዎች ግን እየወጡ ነው። ፒያሳ ቤቱ ፈርሶ ሰዉ ተበተነ፤ እዚያ ቤቱ ቆሞ ሰዉ ይበተናል።

መቼም ስለ እንግድነት ከእኛ አገር በላይ ማን ሊያስተምር? አያቶቻችን ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ደጅ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት የእግዜር እንግዳ አሳድሩኝ» ይላል። ይገባል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለውን ይበላል፣ ይተኛል። አንድ ነገር ግን አያደርግም፦ «ይህ ጣሪያችሁ እንዲህ ቢሆን» አይልም። ቤቱን አይመርጥም፣ አይመዝንም፣ ኮከብ አይሰጥም። አሁን ያለው እንግድነት የተገላቢጦሽ ነው። ከፍለናል፤ ስለዚህ የምናድርበት ቤት እኛ በምንወደው መልኩ እንዲቆይልን የመጠየቅ መብት ያለን ይመስለናል። ሳጥን ውስጥ ካለ ቁልፍ ጋር ደግሞ ይሉኝታ የለም። የሚያስጠነቅቅህ፣ የሚቆጣህ፣ «ጫማህን አውልቅ» የሚልህ ሰው የለም።

ጫማዬን ያስወለቀችኝ ሴት ሐረር ናት። 2015 ላይ ጀጎል ውስጥ፣ ለእንግዳ በሚከራይ የሐረሪ ቤት ሦስት ቀን አድሬያለሁ። ቤቱ ከፍና ዝቅ ባሉ መቀመጫዎች፣ በነደባ፣ የተከፋፈለ ነው፤ እንደገባሁ ያገኘሁት ላይ ቁጭ ልል ስል ባለቤቷ «እዚያ አይደለም» ብላ ቦታዬን አሳየችኝ። ጠዋት ቁጢ አፍልታ ትሰጠኝ ነበር። ማታ መቼ እንደምገባ እሷ ነች የወሰነችው። ግድግዳ ሙሉ የተደረደረውን ስፌትና ሳህን ፎቶ ላንሳ ስላት «የእናቴ የትኛው እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቀኝ» አለችኝ። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ እሷም ቤቱን እንደ ልቤ መነካካት አልችልም ብላ ታማርራለች። ግን ልዩነቱን አያችሁት? የቤቱ አሮጌነት የሚከብዳት እሷ ናት፤ ከአሮጌነቱ የምትጠቀመውም እሷ ናት። የሚያፈሰውም የሚያተርፈውም አንድ ሰው ላይ ነው።

እናቴ ላይ ያደረግኩት ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ጣሪያው የሚያፈሰው እሷ ላይ፣ የቤቱ ውበት የሚበራው እኔ ስልክ ላይ። ለጥምቀት ሦስት ቀን የምመጣ እንግዳ ሆኜ እንደ ባለቤት ድምፅ ሰጠሁ፤ የእሷን ድምፅ ደግሞ ሻርኩት።

እዚህ ላይ ጽሑፉን ማቆም ይቻል ነበር። «የሚያፈስበት ሰው ይወስን» ብሎ መዝጋት። ንጹሕ ነው፣ ደስ ይላል። ችግሩ፣ ያቺው ዋርሶ ይህን ታፈርሰዋለች።

ከጦርነቱ በፊትና በጦርነቱ መሐል የከተማዋ የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች የቤቶቹን ፊት፣ መስኮትና ልክ እየለኩ ስለው ነበር። ሥዕሎቹን ደበቋቸው፤ ተረፉ። በእኛ ቋንቋ ባካፕ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቤሎቶ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ የሣላቸው የከተማዋ ሥዕሎችም ግንበኞቹን አግዘዋል። ቤቶቹን የለኩት ልጆች አብዛኞቹ እዚያ ሰፈር የሚኖሩ አልነበሩም፤ ጣሪያው አያፈስባቸውም። ጦርነቱ ባይመጣ ኖሮ ምናልባት እንደ እኔ ዓይነት ትዝታ አሳዳጆች ተብለው ይቀሩ ነበር። እነሱ ባይኖሩ ግን ያቺ ሴት በአምስት ዓመቷ የምትገባበት ሰፈር አይኖርም። ስለዚህ «የማይኖርበት ሰው አያገባውም» ማለት አልችልም።

ግንበኞቹ ምን እንዳደረጉ ልብ በሉ ደግሞ። ፊት ለፊቱን እንደ ጥንቱ፣ ውስጡን ለሚኖርበት ሰው ሠሩት። ክፍሎቹን ሰፋ አደረጉ፤ ጓሮ ላይ ታጭቀው የነበሩትን ቤቶች ብዙዎቹን ሳይመልሱ ብርሃንና አየር አስገቡ። ከውጭ የሚታየውን ሳይነኩ ውስጡን እንደገና መጻፍ፤ ለፕሮግራመር ይህ የዕለት እንጀራ ነው። በሌላ በኩል ሁሉም ቅዱስ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣ አዋጅ የዋርሶ መሬት ከባለቤቶቹ ተወስዷል፤ ለእኛ 1967 ላይ ከወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ብዙ አይርቅም። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ጡቡ ተመለሰ እንጂ ሰዉ አልተመለሰም። ከጦርነቱ በፊት ከከተማዋ ሕዝብ ሲሶ የሚሆኑት አይሁድ ነበሩ። እነሱን የሚመልስ ሥዕል የለም።

«ታዲያ ያ ሰፈር የውሸት ነው?» ብሎ አንድ ጓደኛዬ ግሩፑ ላይ ጠየቀኝ፤ ለአራት መቶ ዓመቱ እርማት ስልክላቸው። ዩኔስኮ አልመሰለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ከነድጋሚ ግንባታው መዝግቦታል። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ከቤተ ክርስቲያን ነው። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ታቦቱ ነው እንጂ ሕንፃው አይደለም። የክቡ ቤተ ክርስቲያን ሣር በየጊዜው ይቀየራል፣ ኋላ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ ማንም «አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነው» አይልም። በዚህ ልማድ የተነሣ ይመስለኛል እኛ ማፍረስ የማይከብደን። ሥዕል የሞላባቸው ስንት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በደስታና በእልልታ ፈርሰው በሲሚንቶ ተተክተዋል! ልቤ ያዝናል፤ ምእመኑን ግን ምን እለዋለሁ? ታቦቱ እዚያው ነው፣ እነሱም እዚያው ናቸው፣ ዝናብ አይገባም።

ግን የሰፈር ታቦት ምንድን ነው? የዶሮ ማነቂያ ታቦት የክፍሌ ልጅ እናት ዕድር ከሆነ፣ ግድግዳው ፈርሶ ዕድሩ አብሮ ቢዛወር ኖሮ ፒያሳ ተዛወረች እንጂ ፈረሰች አንልም ነበር? እኔ ሳስበው አዎ፤ ቢያንስ ለእነሱ። ለእኔ ማኪያቶ ጠጪው ግን አይደለም። እና የእኔ ኪሳራ ከእነሱ ኪሳራ ጋር አንድ ሚዛን ላይ መውጣት ያለበት አይመስለኝም። ይታዘንልኝ፣ ግን በኋላ።

ሳር ቤቱም እንዲሁ ነው። የሚያሳስበኝ ጣሪያው ብቻ አይደለም። ሣሩን መርጦ፣ አስሮ፣ ደርቦ፣ ውሃ እንዳይገባ አድርጎ መክደን የሚያውቁ ሰዎች ከእናቴ ቤት ጋር አብረው ያልቃሉ። ይህ እውነተኛ ጥፋት ነው፤ ቆርቆሮ አይተካውም። ይህን ጥፋት መከላከል ግን የእናቴ ዕዳ ነው እንዴ? ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት በሌሊት ባልዲ እያዘዋወረች? እኔ ብር እልካለሁ ብዬ ነበር። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር አንድ ክረምት ልቀመጥና መክደን ልማር አላልኩም። ሐሳቡ ራሱ ያልመጣልኝ መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ። እምቢ፣ አይፍረስ የሚል ሰው መኖር አለበት፤ ያለ እሱ ሁሉም ነገር ሜዳ ይሆናል። ግን ያ ሰው ባልዲውን የሚይዝበት ተራ ሊኖረው ይገባል።

ከዋርሶ እንደተመለስኩ በነጋታው ደወልኩላት። ንግግሬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አጥፍቻለሁ፣ ቤቱ ያንቺ ነው፣ አፍርሺው፣ የቆርቆሮውን እኔ እችላለሁ። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ውይ ልጄ» አለች። «መች አንተን ስጠብቅ። አምና በበጋ ነው ያስመታሁት።»

«ምን?»

«ቆርቆሮውን ነዋ። እንዳይከፋህ ብዬ ነው ያልነገርሁህ። ሁለቱን ክረምት አንተ እንዳልህ ቻልሁት፣ ከዚያ ወዲያ አልሆነልኝም።»

በልቤ ቆጠርኩ። ዋርሶ ደረጃ ላይ ቆሜ ከእኛ ጎጆ ያንሳል ብዬ ሒሳብ ስሠራ ጎጆው አልነበረም። ለጓደኞቼ የማወራው፣ በስልኬ የምይዘው፣ የምሟገትለት ቤት ከፈረሰ ወራት አልፈውታል፤ የፈረሰውም እኔ ፒያሳ ፈረሰች ብዬ ፖስት በምጽፍበት በዚያው በጋ ነው። እናቴ ደግሞ እንዳልከፋ ብላ ሚስጥር ይዛልኛለች፤ ለእንግዳ የሚደረገውን።

«ምሰሶውስ?» አልኳት።

«አለ። አልጣልሁትም። አስጠርቤ ለደጅ መቀመጫ አድርጌዋለሁ። ፀሐይ ስሞቅበት ነው የምውል።»

አሁን ክረምት ነው፣ ሐምሌ 2017። ትናንት ማታ ደውዬ ነበር። ከባድ ዝናብ እየወረደ ነበር መሰለኝ ከስልኩ የሚመጣው የቆርቆሮ ጩኸት ብቻ ነው።

«እማዬ! ያፈሳል እንዴ?»

«ኧ?»

«ያፈሳል ወይ?»

«አይሰማኝም ልጄ! ዝናቡ! ነገ ደውል!»